«እኛም ችለነዋል» ላሉት አንጋፋ ባለሙያ

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖቻችን ስለ ጤና ባለሙያዎች ጭንቀትና ራስን ማጥፋት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንዷ ባልደረባዬ «ሲስተር፣ አንብቢው፤ ልክ ልካችንን ነግረውናል» ብላ ነው የላከችልኝ። ጸሐፊው በጤና ሙያ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ደግሜ ሳነበው ግን የጻፉት ሙያውን ስለሚወዱ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ምላሼ በአክብሮት ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ያን ጽሑፍ ዛሬ ማታ ዲዩቲ ላይ ሆኖ የሚያነብ፣ ልቡ የዛለ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ።

እኔ ጎንደር ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። 14 ዓመት ሆኖኛል።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሕክምና ሥራ ድሮም ከባድ ነበር፤ እኛ ከዚህ የባሰውን ችለን አልፈናል፤ የዛሬው ትውልድ ግን ቶሎ ይሰበራል ይላሉ። የጤና ባለሙያ ከሌላው ሰው በላይ ራሱን ያጠፋል የሚባለው ከውጭ የመጣ ወሬ ነው፤ እኛ ጋ የለም ይላሉ። ስለ ጉዳዩ በአደባባይ ማውራት ላላሰበው ሰው ሐሳቡን መስጠት ነው፤ ዝምታ ይሻላል፤ ባለሙያ ደግሞ ራሱን ያውቃል ይላሉ። መድኃኒቱ ጸሎትና ጸበል ነው ይላሉ። በመጨረሻም የምክር አገልግሎት የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ደመወዙን አስተካክሉ፣ ጭንቀቱ በራሱ ጊዜ ይለቃል ብለው ይደመድማሉ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። የእሳቸው ዘመን ከባድ እንደነበር አልክድም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954፣ የደምቢያን ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከዚያ የወጡት ጤና መኮንኖች፣ ኮሚዩኒቲ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) መብራትም መኪናም ወደሌለበት ገጠር ገብተው ሠርተዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡትም ረሃቡንም ጦርነቱንም አይተዋል። እነሱ ባይኖሩ እኛም የለንም።

ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ዘለሉ። ያ ትውልድ ለብቻው አልተላከም። የኮሌጁ ዋና ሐሳብ ራሱ ቡድን ነበር። መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ይማራሉ፤ እንደ ቆላድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው ይወጣሉ። ዛሬም «ቲም ትሬኒንግ» እያልን የምንጠራው እሱ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ወጥቻለሁ። ስምንት ሆነን አንድ ቤት ነበርን። ማታ ማታ ሽሮ እያማሰልን ቀኑን እንዳለ እናወራው ነበር። አንድ ቀን የሦስት ወር ሕፃን እጃችን ላይ ሞተ። ያን ሌሊት ማንም ብቻውን አልተኛም። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ቡና ያፈላ ነበር። የእርስዎ ትውልድ ከቻለ፣ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በጽሑፍዎ ውስጥ ደጋግመው «ቻልን» ብለዋል። «ቻልኩ» ያሉበት ቦታ የለም።

ዛሬ የማየው ሌላ ነው። አንዲት ነርስ 30 አልጋ ይዛ ታነጋለች። እኔም ከአንዴም ሁለት ሦስቴ አንግቻለሁ። ጠዋት ሃንድኦቨር (የተራ ርክክብ) ሰጥታ ትወጣለች። ካርዱ መሞላቱን ይጠይቋታል፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱን ይጠይቋታል። ሌሊት ሰው የሞተባት እሷ እንዴት እንዳደረች ግን የሚጠይቃት የለም። ወጥታ፣ ባጃጅ ይዛ፣ ቤቷ ገብታ መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች። ማታ ትመለሳለች።

በዚያ ላይ የከተማችንን ያለፉት ዓመታት ይጨምሩበት። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ቁስለኛ ጎንደር ገባ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ግጭቱ ደጃችን ደረሰ። መንገድ ይዘጋል። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ከመተማ ወይም ከደባርቅ ሪፈር የተባለች ወላድ መንገድ ላይ ትዘገያለች። ስትደርስ የምትቀበላት ያችው 30 አልጋ የያዘችው ልጅ ናት። ልጅቷ ራሷ አዘዞ ያሉ እናቷ ደህና ይደሩ አይደሩ አታውቅም።

ትውልዱ ልል ስለሆነ ነው ወይስ ሥራው ነው የሚሰብረው? ይህን የሚለይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ 740 ኢንተርኖችን፣ ማለትም ተመርቀው የመጀመሪያውን ዓመት የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊትና ከጀመሩ በኋላ ተከታተሏቸው። ከመጀመራቸው በፊት የድባቴ (ዲፕሬሽን) መለኪያውን ያሟሉት 3.9 በመቶ ነበሩ። በኢንተርንነቱ ዓመት አማካዩ 25.7 በመቶ ደረሰ። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። ትውልዳቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ውሏቸውና አዳራቸው ነው። የሥራ ሰዓት በረዘመ ቁጥር፣ ስሕተት ሠራሁ የሚለው ስሜት በበረታ ቁጥር ድባቴውም አብሮ ይጨምር ነበር።

አሜሪካ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ሊሉኝ ይችላሉ። እዚያ ኦክስጅን ከግድግዳው ይወጣል። እኔ ሲሊንደር ፍለጋ ከክፍል ክፍል የሮጥኩበትን ሌሊት አልረሳም። ሁሉ ነገር የተሟላለት ልጅ በሥራው ከተሰበረ፣ ምንም ያልተሟላለት እንዴት ደህና ይሁን?

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 «በርንአውት»ን ሲተረጉም ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ሳያገኝ የቆየ የሥራ ጭንቀት የሚያመጣው ነው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መስሎ መታየት። ሁለተኛውን በራሴ አውቀዋለሁ። አንድ ሰሞን በሽተኞቼን በስም መጥራት አቁሜ ነበር። «አልጋ ሰባት»፣ «አልጋ አሥራ ሁለት» እላለሁ። አንድ አስታማሚ «ሲስተር፣ አባቴ ስም አላቸው» አለኝ። ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። ልል ሆኜ አልነበረም። ተሟጥጬ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማመን አለብኝ። ጸሐፊው «የደከመው ሁሉ ራሱን ያጠፋል እየተባለ ነው» ብለው አማረዋል። ልክ ናቸው፤ እንዲህ የሚጽፉ አሉ፤ ስሕተትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሐኪሞች ላይ የተሠራ ጥናት ከራስን ማጥፋት ሐሳብ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ድባቴ መሆኑን አሳይቷል። በርንአውቱ ድባቴው ተለይቶ ከተቆጠረ በኋላ ከሐሳቡ ጋር ያለው ትስስር ጠፋ፤ ከሕክምና ስሕተት ጋር ያለው ግን ቀረ። ሁለቱን መለየት ይጠቅማል። የደከመ ሰው ዕረፍት ይስጡት። ድባቴ የያዘው ሰው ግን ዕረፍት ብቻውን አይበቃውም፤ ሕክምና ይፈልጋል። ከውጭ ሲታዩ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ለዚህ ነው መጠየቅ ያለብን።

ሁለተኛው፣ «የፈረንጅ ወሬ» የተባለው ነው። ከፊሉ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ሐኪሞች ከሕዝቡ በእጥፍ ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚለው አባባል ድሮ ተደጋግሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ20 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ወንድ ሐኪሞች ከሌላው ወንድ ብዙም አይለዩም። ሴት ሐኪሞች ግን ከሌሎች ሴቶች በ76 በመቶ ይበልጣሉ። ያ ቁጥር ስለ ሐኪም ብቻ ነው። ስለ ነርስና ስለ ጽዳት ሠራተኛ የሚያወራው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁሉንም ለያይቶ አየ። ሐኪሞቹ ላይ ከጤና ሙያ ውጭ ካሉት ሠራተኞች ጋር ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። ነርሶች ላይ አደጋው በ64 በመቶ፣ ረዳት ሠራተኞች ላይ በ81 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ረዳት ሠራተኛ ማለት በእኛ ቋንቋ አልጋ የሚገፋው፣ በሽተኛ የሚያገላብጠው ነው። ጸሐፊውም እኔም ስናወራ የረሳናቸው ሰዎች ናቸው። ወደነሱ እመለሳለሁ።

«እኛ ጋ የለም» የሚለው ግን አያስኬድም። በዓለም በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። ከእነዚህ 73 በመቶው የሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ማለትም እንደኛ ባሉት። እኛ ጋ የሌለ የሚመስለን ስሙን ስለማንጠራው ነው። ለቅሶ ቤት ስንደርስ «ድንገት ነው»፣ «ልቡ ነው» እንባላለን። ሁሉም ያውቃል። ማንም አይናገርም።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ብዙ የማወራበት ይህ ነው። ጸሐፊው «ክፉን በክፉ ቀን አያነሡትም» ብለዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ያደግነው ሞትን ስም ጠርተን እንዳናሟርት እየተገሠጽን ነው። ግን የእኛው አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ጥናቱም ከአባቶች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተደምረው የታዩ ጥናቶች ሰውን ስለ ራስን ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምር አሳይተዋል። እንዲያውም ሊያቀለው እንደሚችል ፍንጭ ሰጥተዋል።

እኔ ግን ያመንኩት ጥናቱን አንብቤ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ነርስ አለ። የምጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው። ሳቂታ ልጅ ነበር። በአንድ ክረምት ተለወጠ። ምሳ ከእኛ ጋር መብላት ተወ። ዲዩቲ ሲጨርስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል። አንድ ቀን ሰዓቱን ፈትቶ ለአንድ ተማሪ ሰጠው። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለ። ሁላችንም አየን። ሁላችንም «ደክሞት ነው» አልን። ዕቃን እንዲህ መስጠት ምልክት ሊሆን እንደሚችል እኔ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ግን አልጠየቅሁትም። ፈራሁ። ልክ እርስዎ እንዳሉት፣ ያልነበረውን ሐሳብ የማነሣበት መሰለኝ።

የጠየቁት የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። እኛ እቴቴ ነው የምንላቸው። መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቡ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ሞት አማረህ እንዴ?» አሉት። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ቀኑን ሳይቀር ወስኖ ነበር። እቴቴ እጁን ይዘው እኔ እስክደርስ አልለቀቁትም። በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ወሰድነው። ለሳምንታት ብቻውን አላደረም። መድኃኒትም ክትትልም ጀመረ። ዛሬ አብሮኝ ይሠራል።

ቆይቼ «እቴቴ ሲጠይቁህ ምን ተሰማህ?» አልኩት። «ሲስተር፣ ወር ሙሉ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር» አለኝ። ይህን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወር ሙሉ አጠገቡ ነበርኩ።

ስለ አወራሩ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የሟችን ፎቶ በፌስቡክ መለጠፍ፣ እንዴት እንደሞተ መዘርዘር፣ ሞቱን እንደ ጀግንነት ማውራት ሌላውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጋዜጠኞችን ይህን አታድርጉ ብሎ ይመክራል። እሳቸው ያስቆጣቸው እንዲህ ያለው ከሆነ እኔም አብሬ እቆጣለሁ። ነገር ግን ይህ የሚከለክለው መጥፎ ወሬን ነው። ባልደረባን ጎን ወስዶ መጠየቅን አይከለክልም።

«ባለሙያ ራሱን ያውቃል» ለሚለው ብዙ አልልም። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ካርድ አውጥቶ ወረፋ መቀመጥ ሌላ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ያውቀኛል። ተረኛው አብሮኝ ተምሯል። በሽተኛዬ ኮሪደር ላይ ሊያየኝ ይችላል። ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በዶክተር ሎርና ብሪን ስም የተሰየመ ሕግ ወጥቷል። በኮሮና መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም የነበሩና ራሳቸውን ያጠፉ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው እንደተናገረው፣ እርዳታ ብጠይቅ የሙያ ፈቃዴን አጣለሁ ብለው ይፈሩ ነበር። እንግዲህ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ስለ እምነትም አጭር ነው መልሴ። እኔ ሰንበትን የምሳለመው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ከአስቸጋሪ ሌሊት በኋላ ኪዳን ደርሼ ልቤ የተረጋጋበት ቀን ብዙ ነው። ሙስሊም ባልደረቦቼም በሌሊቱ መሀል ሰግደው ሲመለሱ ፊታቸው ይበራል። ጸሎት ያበረታል፤ ማኅበርና ሰንበቴም ሰውን ከሰው ያገናኛል። ይህን ማንም አይነጥቀን። ግን የስኳር በሽተኛን ጸበሉን ጠጣ፣ ኢንሱሊንህንም አትተው እንላለን። ለአእምሮ ሲሆን ለምን አንዱን ምረጥ እንላለን? ደግሞ «እምነቱ ቢጠነክር ኖሮ» የሚለው ቃል የታመመውን ሰው ምን እንደሚያደርገው እናስብ። ቀድሞውንም እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል። ቤተሰቡም ፍትሐት ይከለከልብናል በሚል ፍርሃት ነገሩን ይደብቃል። ስለዚህ ካህናቱንም ከእኛ ጎን እንፈልጋቸዋለን። የነፍስ አባት «ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ እኔም እጸልይልሃለሁ» ሲል ከእኔ አሥር ጊዜ ይበልጥ ይሰማል።

የመጨረሻው የገንዘብ ነገር ነው። ደመወዙ አይበቃም። ምንም ክርክር የለውም። በግንቦት 2017 ባለሙያው በአገር ደረጃ ድምፁን ያሰማው የቤት ኪራይና አስቤዛ ስለከበደው ነው። ዲዩቲ አድሮ ጠዋት ወደ ግል ክሊኒክ የሚሮጥ ሰው ደመወዙ ቢስተካከል ይተኛ ነበር። እንቅልፍ ራሱ ሕክምና ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ደመወዝ ሲሉ አብሬያቸው ነኝ። ብቻውን ይበቃል ሲሉ ግን አይደለሁም። እነዚያ 740 ኢንተርኖች የሚከፈላቸው በዶላር ነበር።

«ቅንጦት ነው» የሚለውንም አልቀበልም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,867 ሰዎችን በአምስት ቦታዎች አስጠንቷል። ቦታዎቹ ብራዚል፣ ሕንድ፣ ስሪላንካ፣ ኢራንና ቻይና ናቸው። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት ምክርና በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ መደወል ወይም ቤት ድረስ ሄዶ መጠየቅ ተጨመረላቸው። ከመጀመሪያዎቹ 2.2 በመቶው፣ ከሁለተኛዎቹ 0.2 በመቶው ራሳቸውን አጥፍተው ሞቱ። ይህ ውድ ነገር አይደለም። እኛ ደግሞ «እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ» ብሎ መደወል የሚከብደን ሕዝብ አይደለንም።

ይህን ስል ኃላፊዎችን ከኃላፊነት እያወጣሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሐኪሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ሰውየውን ብቻ «ቻል፣ ተንፍስ» ከሚሉት ይልቅ የሥራውን አደረጃጀት የለወጡት የበለጠ ሠርተዋል። ለ30 አልጋ ሁለት ነርስ መመደብ፣ ከናይት በኋላ ስብሰባ አለመጥራት፣ ሰው ከሞተ በኋላ ቡድኑን አሥር ደቂቃ አስቀምጦ ማነጋገር። የመጀመሪያው በጀት ይጠይቃል። ሌሎቹ ሁለቱ አይጠይቁም።

እኛ በክፍላችን ከልጁ ነገር በኋላ አንድ ነገር ጀመርን። ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈናል። የሁላችንም ስም አለበት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከናይት በኋላ የሚደውልለት ሰው ተጽፏል። ደዋዩ ሦስት ነገር ይጠይቃል። በላህ ወይ፣ ተኛህ ወይ፣ ልብህ እንዴት ነው። ነገሩ ከከበደው በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካለ ብቻውን አይተወውም፤ ይዞት ወደ ሐኪም ይሄዳል። ይህን እያነበብህ ሐሳቡ ያለብህ ካለህ፣ ወይም ያለብሽ ካለሽ፣ የእኛን ወረቀት አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው፤ እዚያ ያለነውም እኛው ነን።

ወረቀቱን መጀመሪያ ስንሠራ የነርሶችና የሐኪሞች ስም ብቻ ነበር የጻፍነው። ልጁ አይቶ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ከታች የእቴቴን ስም ጨመረ። ከጎኑም የራሱን።

ሁልጊዜ ሐሙስ ጠዋት ይደውልላቸዋል።